ዳታቤዝ ውስጥ በብዙ መስፈርት ስትቆጥሩ ቁጥሩን ቶሎ አትመኑት

ዳታቤዝ ሲጠየቅ መልስ አያጣም። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚጻፈው ጥያቄ) ላይ አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ከቀረ ወዲያው ይናገራል። ቅንፉ የተዘጋው ያለቦታው ከሆነ ግን ምንም አይልም። ዝም ብሎ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ደግሞ ልክ ይሁንም አይሁን መልኩ ያው ነው። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ሪፖርት በማወጣበት መሥሪያ ቤት አንድ ጥያቄ መጣ። ሲሰሙት ቀላል ነው። በዚህ ዓመት ስልጠና የጨረሱ፣ የከፈሉ፣ ከዋናው ቅርንጫፍ ውጭ የተመዘገቡ፣ ሴት ወይም ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ሰልጣኞች ስንት ናቸው? ሦስት ባልደረቦቼ ለየብቻ ቆጠሩ። ዳታቤዙ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ጥያቄው አንድ። የወጣው ቁጥር ግን ሦስት ዓይነት ሆነ። ይባስ ብሎ ከሦስቱ አንዱ ቀድሞ ለጠያቂው ተልኮ ነበር። በስብሰባው ላይ ሁሉም የየራሱን ቁጥር ይዞ ሙጭጭ አለ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የማጣራቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

መጨረሻ ላይ ያገኘነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሦስቱም ልክ አልነበሩም። ሦስቱም የተሳሳቱት በተለያየ ምክንያት ነው። ኩዌሪዎቹን የጻፉት ደግሞ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ጊዜያችንን የበላው ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ መከራከር ነበር። "ያንተ የበዛው ያቋረጡትን ስለጨመርክ ይሆናል"፣ "ያንቺ ያነሰው ያልከፈሉትን ስላወጣሽ ነው" እየተባለ ሰዓቱ ሄደ። ነገሩ የተቀየረው አንዷ ባልደረባችን "ቁጥሩን ተዉትና መለያ ቁጥሮቹን አምጡ" ስትል ነው። ከየኩዌሪው ላይ ካውንት (ቁጠር) የሚለውን ትእዛዝ አነሳን። በቦታው የሰልጣኙን መለያ ቁጥር አስገባን። ሦስት ዝርዝር ወጣ። ከዚያ በአንደኛው ውስጥ ኖረው በሌላው የሌሉትን ብቻ አወጣን። ፖስትግሬስም ሆነ ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባሉት ዳታቤዞች ላይ ይህን የሚሠራው ኤክሴፕት የሚባል ትእዛዝ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ከ8.0.31 ጀምሮ አለ። ኦራክል ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው ማይነስ በሚለው ስሙ ነው።

ክርክሩ እዚያው አበቃ። ቁጥር ስታዩ የምታወሩት ስለ ግምት ነው። ዝርዝር ስታዩ ግን "ይሄ ሰልጣኝ እዚህ ምን ይሠራል?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መዝገቡን ትከፍታላችሁ፣ መልሱ እዚያው አለ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ሁለት ቁጥር አልገጥም ሲላችሁ ቁጥሮቹን አታወዳድሩ፣ ከጀርባቸው ያሉትን መዝገቦች አወዳድሩ።

የመጀመሪያው ልዩነት የመጣው ከቅንፍ ነው። አንደኛው ኩዌሪ ላይ ጨርሷል፣ ኤንድ (እና)፣ ሴት፣ ኦር (ወይም)፣ ከ25 በታች ተብሎ በአንድ መስመር ተደርድሯል። እኛ ስናነበው "ጨርሷል፣ ደግሞም ሴት ወይም ወጣት" ብለን ነው። ዳታቤዙ እንዲህ አያነበውም። ኤንድ ከኦር ይቀድማል። ልክ በሂሳብ ማባዛት ከመደመር እንደሚቀድመው። ስለዚህ እሱ የሚያነበው "ጨርሳ ሴት የሆነች፣ ወይም ደግሞ ማንኛውም ከ25 በታች የሆነ" ብሎ ነው። ያቋረጠ ወጣት ሰተት ብሎ ይገባል።

በትንሽ ምሳሌ እንየው። ስድስት ሰልጣኞች አሉ እንበል። 1ኛዋ የ31 ዓመት ሴት ናት፣ ጨርሳለች። 2ኛው የ22 ዓመት ወንድ ነው፣ ጨርሷል። 3ኛዋ የ28 ዓመት ሴት ናት፣ አቋርጣለች። 4ኛው የ23 ዓመት ወንድ ነው፣ አቋርጧል። 5ኛው የ40 ዓመት ወንድ ነው፣ ጨርሷል። 6ኛዋ የ21 ዓመት ሴት ናት፣ ጨርሳለች። የሚፈለጉት የጨረሱና ሴት ወይም ከ25 በታች የሆኑት ናቸው። በእጃችሁ ቁጠሯቸው። 1ኛ፣ 2ኛ እና 6ኛ፣ በጠቅላላው 3።

አሁን ቅንፉን አንሱትና "ጨርሷል ኤንድ ሴት ኦር ከ25 በታች" በሉ። መልሱ 4 ይሆናል፣ ምክንያቱም 4ኛው ገብቷል። ቅደም ተከተሉን ቀይራችሁ "ሴት ኦር ከ25 በታች ኤንድ ጨርሷል" በሉ። አሁንም 4 ነው። ግን ልብ በሉ፤ እዚህኛው ላይ ያለአግባብ የገባችው 3ኛዋ ናት። ሁለት የተሳሳቱ ኩዌሪዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጡ፣ በውስጣቸው ያለው ሰው ግን ይለያያል። ሁለት ሰው ቆጥሮ ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ "እንግዲህ ልክ ነው" ማለት የማይበቃው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው። ኦር ባለበት ሁሉ ቅንፍ አድርጉ። አያስፈልግም ብላችሁ ብታስቡ እንኳን አድርጉ። ከእናንተ በኋላ ኩዌሪውን የሚያነበው ሰው ሐሳባችሁን መገመት የለበትም።

ሁለተኛው ልዩነት ብዙ ጊዜ ወሰደብን። "ከዋናው ቅርንጫፍ ውጭ" የሚለው በሁለተኛው ኩዌሪ ላይ የተጻፈው ቅርንጫፍ ከዋናው ጋር እኩል ያልሆነ ተብሎ ነው። ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። እስኪ ብለን የዋናውን ቅርንጫፍ ሰልጣኞች ቆጠርን። ከዋናው ውጭ ያሉትንም ቆጠርን። ሁለቱን ስንደምር ከጠቅላላው አነሰ። በዋናው ቅርንጫፍ ያልሆነ፣ ከዋናው ውጭም ያልሆነ ሰው ተገኘ ማለት ነው። እንዴት ሊሆን ይችላል?

እነዚህ ቅርንጫፋቸው ያልተሞላላቸው ሰልጣኞች ነበሩ። በኦንላይን ስለተመዘገቡ የቅርንጫፍ ኮለማቸው (ዓምዳቸው) ላይ ያለው ናል ነው። ናል ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም። "አይታወቅም" ማለት ነው። የማይታወቅ ነገር ከዋናው ጋር እኩል ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አይታወቅም ነው። እኩል አይደለም ወይ ሲባልም መልሱ አይታወቅም ነው። ዌር (መስፈርቶቹ የሚጻፉበት የኩዌሪው ክፍል) ደግሞ የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። ሐሰት የሆነውንም፣ የማይታወቀውንም ይጥላል። ስለዚህ ናል ያለበት ረድፍ ከሁለቱም ወገን ይወጣል፣ ማንም ሳያየው።

ናልን ራሱን መፈለግ ስትፈልጉ የእኩል ምልክት አይሠራም፣ ኢዝ ናል ማለት አለባችሁ። ከዚህም የከፋ አለ። ኖት ኢን (ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ) ብላችሁ ከሌላ ቴብል (ሠንጠረዥ) የመጣ ዝርዝር ስትሰጡት፣ ዝርዝሩ ውስጥ አንዲት ናል ካለች መልሱ ዜሮ ይሆናል። ሺህ ረድፍ ይኑር መቶ ሺህ፣ ዜሮ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ኖት ኤግዚስትስ (የሚገጥም ረድፍ የሌለው) ተጠቀሙ፤ ናል አያደናቅፈውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ገባኝ። ቅርንጫፍ የሌላቸው ሰዎች "ከዋናው ውጭ" ይባላሉ ወይስ አይባሉም የሚለው የኮድ ጥያቄ አይደለም። የጠያቂው ጥያቄ ነው። ኩዌሪ የሚጽፈው ሰው በራሱ ሲወስን፣ ውሳኔው ቁጥሩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ ደወልንና ጠየቅን። ደውሉ፣ ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የሦስተኛው ኩዌሪ ችግር ጆይን ነበር። "የከፈሉ" የሚለውን ለማወቅ የሰልጣኞች ቴብል ከክፍያዎች ቴብል ጋር ተገናኝቷል። አንድ ሰው በሦስት ዙር ከከፈለ ክፍያዎች ቴብል ውስጥ ሦስት ረድፍ አለው። ጆይን ሲደረግ ያ ሰው ሦስት ጊዜ ይመጣል። ካውንት(*) ደግሞ የሚቆጥረው ረድፍ እንጂ ሰው አይደለም። በዚህ ላይ የምዝገባ ቴብል ቢጨመርና ያው ሰው ሁለት ምዝገባ ቢኖረው፣ ሦስት በሁለት ተባዝቶ ስድስት ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዲስቲንክት (የተደጋገመውን አንድ ጊዜ ብቻ ውሰድ የሚለው) ይጨምርና ያልፋል። ካውንት ዲስቲንክት በሰልጣኙ መለያ ቁጥር ላይ ካደረጋችሁ፣ አዎ፣ የሰው ብዛቱ ልክ ይመጣል። እኔ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ረድፎቹ መባዛታቸውን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም። ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ኩዌሪ ወስዶ በሁለት ምዝገባ ምክንያት የተባዛውን የክፍያ ድምር ቢያወጣበት፣ ብሩ ተባዝቶ ይመጣል፤ ያኔ ዲስቲንክት አያድነውም። እንዲያውም ሁለት እኩል ክፍያዎችን አንድ አድርጎ ሌላ ስህተት ይጨምራል። ከሌላው ቴብል የምትፈልጉት "አለ ወይስ የለም" የሚለውን ብቻ ከሆነ ኤግዚስትስ ተጠቀሙ። "ቢያንስ አንድ ክፍያ ያለው" ብሎ ይጠይቃል፣ ሰውየውን አያባዛውም።

ሦስቱን ካስተካከልን በኋላ ዝርዝሮቹ ገጠሙ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አንድ በአንድ መለያ ቁጥሩን ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሪፖርቶች ላይ ያገኘኋቸውንም ልጨምርላችሁ፣ ተመሳሳይ ጉድጓድ ናቸውና።

"የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ኮርስ የወሰዱ ስንት ናቸው?" የሚል ጥያቄ መጣ እንበል። ኮርስ እኩል አንደኛ ኤንድ ኮርስ እኩል ሁለተኛ ብሎ መጻፍ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ነው። መልሱ ሁሌም ዜሮ ነው። ዌር የሚያየው አንድ ረድፍ ነው፤ አንድ ረድፍ ላይ ያለው ኮርስ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሊሆን አይችልም። እዚህ መስፈርቱ የሰውየው እንጂ የረድፉ አይደለም። ሁለቱን ኮርሶች በኢን አምጧቸው፣ በሰልጣኙ መለያ ግሩፕ ባይ አድርጉ (የእያንዳንዱን ሰልጣኝ ረድፎች በአንድ ቡድን ሰብስቡ)፣ ከዚያ በሃቪንግ (በቡድኑ ላይ በሚሠራው መስፈርት) የተለያዩ ኮርሶች ብዛት 2 የሆነላቸውን ብቻ አስቀሩ። የወጣውን ደግሞ ከላይ ሆናችሁ ቁጠሩት። ዲስቲንክቱን አትርሱ፤ አንዱን ኮርስ ሁለት ጊዜ የወሰደ ሰው ሁለት ረድፍ ይኖረዋልና ሁለቱንም የወሰደ ይመስላል።

ሌፍት ጆይን (ከሌላው ቴብል የሚገጥመው ያጣውንም ረድፍ ይዞ የሚቆይ ጆይን) ላይም ተጠንቀቁ። "እያንዳንዱ ሰልጣኝ ዘንድሮ ስንት ጊዜ ከፈለ፣ ያልከፈለውም ዜሮ ተብሎ ይታይ" ስትሉ፣ የዓመቱን መስፈርት ዌር ውስጥ ካስገባችሁት ያልከፈሉት በሙሉ ይጠፋሉ። የክፍያው መስፈርት ኦን የሚለው (ቴብሎቹ በምን እንደሚገናኙ የሚጻፍበት) ውስጥ ይግባ። የምትቆጥሩትም ካውንት(*) ሳይሆን የክፍያው መለያ ቁጥር ይሁን። ካውንት(*) ምንም ላልከፈለውም ሰው 1 ይለዋል፣ ምክንያቱም ረድፉ አለ። ኮለም ስትሰጡት ግን ናሉን ይዘለዋል፣ ዜሮ ይላል።

ቀን ላይ የሚጠፋው ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። ከወሩ 1 እስከ 30 ብላችሁ ቢትዊን ስትጠቀሙ፣ ኮለሙ ሰዓትም የሚይዝ ከሆነ 30 ማለት የ30ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የተመዘገበው አይቆጠርም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ በፊት ብላችሁ ጻፉት። ትልቅ ወይም እኩል፣ ከዚያ ትንሽ። ወሩ ስንት ቀን እንዳለው ማስታወስም አያስፈልጋችሁም።

በአንድ ኩዌሪ ብዙ ቁጥር ማውጣት ስትፈልጉ ኬዝ ዌን (እንዲህ ከሆነ ይህን ስጥ የሚለው) በጣም ያግዛል። የጨረሱ፣ ያቋረጡ፣ የጨረሱ ሴቶች ሁሉም በአንድ ረድፍ ይመጣሉ። ሰም (ደምር የሚለውን) የምትጠቀሙ ከሆነ መስፈርቱን ላሟላ 1፣ ላላሟላ 0 ስጡ። ካውንት የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ኤልስ ዜሮ (ካልሆነ ዜሮ) አትጨምሩ። ካውንት የሚዘለው ናልን እንጂ ዜሮን አይደለም። ዜሮ ከሰጣችሁት ሁሉንም ይቆጥራል፣ ሁሉም ቁጥሮች ከጠቅላላው ጋር እኩል ይሆናሉ። ሰም በበኩሉ አንድም ረድፍ ካልተገኘ ዜሮ ሳይሆን ናል ይመልሳል። ፖስትግሬስ ከ9.4 ጀምሮ፣ ኤስኪውላይት ደግሞ ከ3.30 ጀምሮ ፊልተር የሚባል አጻጻፍ አላቸው። ከኬዝ ዌን ይልቅ ሲነበብ ግልጽ ነው፣ ካገኛችሁት ተጠቀሙበት።

ዳታው በአማርኛ የተሞላ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" ለእኛ አንድ ስም ናቸው። ለዳታቤዙ ግን የተለያዩ ፊደላት፣ የተለያዩ ቃላት ናቸው። "ዓለም" እና "አለም"ም እንደዚሁ። በስም ወይም በሥራ ዘርፍ የምትቆጥሩ ከሆነ የተወሰነውን ታጣላችሁ። ከመቁጠራችሁ በፊት ያንን ኮለም ብቻ ግሩፕ ባይ አድርጋችሁ ምን ምን ዓይነት አጻጻፍ እንዳለ እዩ። ከኋላ የተረፈ ባዶ ቦታም፣ "ጨርሷል" እና "ጨርሱዋል" የሚል ልዩነትም እዚያ ላይ ይታያል። ዘላቂው መፍትሔ ሰው እንዳይጽፍ፣ ከዝርዝር እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

ኤስኪውኤል (ኩዌሪ የሚጻፍበትን ቋንቋ) የማትነኩ፣ ኤክሴል ላይ የምትሠሩም አላችሁ። ካውንትኢፍስ ብዙ መስፈርት ይቀበላል። ሁሉም መስፈርቶች ግን በኤንድ ነው የሚገናኙት። ወይም የሚለውን ስትፈልጉ ሁለት ካውንትኢፍስ ትደምራላችሁ፣ ከዚያ ሁለቱንም ያሟሉትን አንድ ጊዜ ትቀንሳላችሁ። በስድስቱ ሰልጣኞች ሞክሩት። ከጨረሱት ውስጥ ሴቶች 2፣ ከ25 በታች 2፣ ሁለቱንም የሆነች 1። 2 እና 2 ሲደመር 1 ሲቀነስ 3። ካልቀነሳችሁ 6ኛዋ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። መጀመሪያ ልክ ይሁን፣ ከዚያ ይፍጠን። ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ የሚጠየቅ ከሆነ ግን መስፈርቶቹን በአንድ ላይ የያዘ ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ቶሎ እንዲያገኝ የሚረዳ ማውጫ) ሥሩለት። በእኩል ምልክት የሚፈተሹትን ኮለሞች አስቀድሙ፣ ቀንን የመሰለ ከዚህ እስከዚያ የሚባለውን ከኋላ አድርጉ።

አሁን ማንኛውንም እንዲህ ያለ ቁጥር ከመላኬ በፊት የማደርገው አለ። ጥያቄውን በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፈዋለሁ። ሰው ነው የምቆጥረው፣ ምዝገባ ነው ወይስ ክፍያ የሚለው እዚያ ውስጥ መኖር አለበት። ከዚያ መስፈርቶቹን አንድ በአንድ እየጨመርኩ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ አያለሁ። ከኤንድ ጋር የገባ መስፈርት ቁጥሩን ከፍ ካደረገው የሆነ ቦታ ቅንፍ ወይም ጆይን ተበላሽቷል። ለእያንዳንዱ መስፈርት ያሟላውን፣ ያላሟላውንና የማይታወቀውን ለየብቻ ቆጥሬ እደምራለሁ፤ ድምሩ ከጠቅላላው ጋር መግጠም አለበት። መጨረሻ ላይ ከውጤቱ ጥቂት መዝገቦችን ከፍቼ በዓይኔ አያለሁ።

ስለ ኦንላይን ተመዝጋቢዎቹ ስንደውል ጠያቂው "እነሱማ ከሁሉም በላይ የምንፈልጋቸው ናቸው፣ ግቡ መድረስ ያልቻልናቸውን ማየት ነው" አለን። ስለዚህ ቅርንጫፍ ከዋናው ጋር እኩል ያልሆነ በሚለው ላይ ኦር ቅርንጫፍ ኢዝ ናል ጨመርን፣ ሁለቱንም በአንድ ቅንፍ ውስጥ አድርገን። የተስተካከለውን ቁጥር ስንልክ ከሥሩ ሁለት መስመር አከልንበት። ማን እንደተቆጠረና ቅርንጫፍ የሌላቸው እንደተካተቱ የሚናገር ነው። ቀድሞ የተላከው ለምን እንደተቀየረም በዚያው ተገለጸ። ስድስቱን ሰልጣኞች የያዘችውን ትንሽ ቴብል ደግሞ አልጣልናትም። ቅርንጫፉ ናል የሆነ 7ኛ ሰልጣኝና በሦስት ዙር የከፈለች 8ኛ ጨመርንባት። ኩዌሪው በተነካ ቁጥር መጀመሪያ እሷ ላይ ይሞከራል።